ሺህ ዶላር ርቀት አይገዛም

መካከለኛ ዋጋ ያለው የፔይንትቦል ማርከር (የቀለም ኳስ መተኮሻ) ገንዘብ ማባከን ነው፣ ውዱ አርቆ ይተኩሳል የሚል ጽሑፍ ጀማሪን ያሳስታል። በአሜሪካ የፔይንትቦል ሜዳዎች ማርከሩ ከጨዋታ በፊት በፍጥነት መለኪያ ይፈተሻል፤ በሴኮንድ ከ300 ጫማ በላይ የሚተኩስ አይገባም። ብዙ ሜዳዎች እንዲያውም ከዚያ ዝቅ ያደርጉታል። ኳሱ ያው 0.68 ኢንች፣ ፍጥነቱም ያው ከሆነ፣ ውዱ ማርከር ተጨማሪውን ርቀት ከየት ያመጣዋል?

ልዩነቱ አተኳኮሱ ላይ ነው። ርካሽና ጠንካራ የሆነው ቲፕማን 98 ሲተኮስ በውስጡ ያለው ከባድ ብረት ወደ ኋላ ስለሚወረወር እጅን ይነቀንቃል፤ ቅርፊቱ ስስ የሆነውን ኳስም አንዳንዴ ይሰብራል። ቀለም በርሜሉ ውስጥ ከፈሰሰ ደግሞ ተከታዮቹ ኳሶች ወዳሻቸው ይሄዳሉ፤ በጨዋታ መሃል በርሜል መወልወል ምን ያህል እንደሚያበሳጭ የተጫወተ ያውቀዋል። መካከለኛ ዋጋ ያለው የፕላኔት ኤክሊፕሱ ኢሜክ ግን ያለ ባትሪ፣ በታመቀ አየር ብቻ ኳሱን ለስለስ አድርጎ ይገፋዋል። መካከለኛው ዋጋ የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በአብዛኛው ለውድድር ተጫዋች የተሠራ ነው።

ልጃችሁ ማርከር ግዙልኝ ካላችሁ፣ በጀቱን ሁሉ እዚያ ላይ አትጨርሱ። መጀመሪያ ጉም በቀላሉ የማይዘው ባለ ድርብ ሌንስ ጭምብል ግዙለት።