የቤተሰብ ፎቶ በየትኛው ወረቀት ይታተም?

ስለ ልጆች ሳልና ስለ አያቶች የደም ግፊት ስናወራ ከርመናል፤ ዛሬ ከመድኃኒት ሣጥኑ ትንሽ ራቅ እንበል። አንዲት ጎረቤቴ ሰሞኑን «ሲስተር፣ ልጄ ከውጭ የፎቶ ፕሪንተር ልኮልኛል። አሁን ደግሞ የትኛውን ወረቀት ልላክልሽ እያለ በየቀኑ ይደውላል፤ ምን ልበለው?» ብለው ጠየቁኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቤተሰቤን ፎቶ እቤቴ እንደማትም ስለሚያውቁ ነው። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ ስለማይመስለኝ መልሱን ለሁላችሁም ላካፍል።

ነገሩ እንደ ቅንጦት የሚታያችሁ ካላችሁ፣ ለቅሶ ቤት የምናየውን አስቡት። የሟች ፎቶ በጥድፊያ ከስልክ ላይ ይፈለጋል፣ ከሠርግ ቡድን መካከል ፊታቸው ተቆርጦ ይወጣል፣ ያለ ልኩ ተለጥጦና ደብዝዞ በተገኘው ወረቀት ይታተማል። ሰውየው በሕይወት ሳሉ ግን አንድ ደህና ፎቶ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። የልጆቻችን ልደት፣ ሠርግና ምርቃት ሁሉ ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ የተሰረቀ ቀን አብሮ ይሄዳል።

ወረቀት ከመምረጣችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ይህ ፎቶ ለማን ነው፣ ምን ያህል ጊዜስ እንዲቆይ እፈልጋለሁ? ልጆች እየተቀባበሉ የሚያዩት ፎቶና ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ፎቶ አንድ ዓይነት ወረቀት አይፈልጉም። ለመጀመሪያው፣ ገጹ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠው የተለመደው የፎቶ ወረቀት ይበቃል። ጣት ቢነካው በቀላሉ አይጎዳም፣ ዋጋውም ይቀላል። «ፋይን አርት» የሚባለው ወረቀት የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው።

ፋይን አርት ወረቀት ከሌላው የሚለየው በመጀመሪያ በተሠራበት ነገር ነው። በገጠር የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥቂት ቆይቶ ቢጫ ይሆናል፣ ሲነኩትም ይፈረፈራል። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ በውስጡ ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይቀራል፤ ይህ ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቀየራል። በወረቀቱ ውስጥ ያለ አሲድም ቃጫውን እየበላ ያደርቀዋል። የተሻለው ፋይን አርት ወረቀት ግን ከጥጥ ይሠራል። ጥጥ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ጥንካሬውን ለማወቅ የአሜሪካን ዶላር አስቡ፤ ስንት እጅ ተዘዋውሮ የማይቀደደው 75 በመቶ ጥጥና 25 በመቶ የተልባ ቃጫ ስለሆነ ነው። ስለዚህ እሽጉ ላይ «100 ፐርሰንት ኮተን» እና «አሲድ ፍሪ» የሚሉትን ፈልጉ። «አልፋ ሴሉሎስ» የሚለው ደግሞ ሊግኒኑ የወጣለት የተጣራ የእንጨት ቃጫ ነው፤ ከጥጡ ይረክሳል፣ እሱም መጥፎ አይደለም።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። እሽጉ ላይ የሚጻፈው የግራም ቁጥር፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ወረቀት ስንት ግራም እንደሚመዝን ይነግረናል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በአብዛኛው 80 ግራም ነው። የፋይን አርት ወረቀት ብዙውን ጊዜ 300 ግራም አካባቢ ነው፤ ለምሳሌ የጀርመኑ ሃነሙለ «ፎቶ ራግ» 308 ግራም፣ የፈረንሳዩ ካንሰን «ራግ ፎቶግራፊክ» 310 ግራም አላቸው። ሁለቱም ከ1500ዎቹ ጀምሮ ወረቀት ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ነገር ግን ወፍራም ሁሉ በማሽናችሁ ያልፋል ማለት አይደለም። ወረቀቱን ከፊት ተቀብሎ ወደ ኋላ አጥፎ የሚያዞር ፕሪንተር ይህን ውፍረት አይችለውም፤ ይነክሰዋል ወይም ይጨነቅበታል። ከኋላ ቀጥ አድርጎ የሚያስገባ ማስገቢያ እንዳለው እዩ፤ የሚችለውን ውፍረትም ከመመሪያው መጽሐፍ አንብቡ።

ሦስተኛው ንጣቱ ነው። ሱቅ ውስጥ እጅግ ነጭ የሆነው ወረቀት ዓይን ይማርካል። ብዙ ጊዜ ግን ያ ንጣት የሚመጣው ከልብስ ሳሙና ጋር በሚመሳሰል ማንጫ ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ ከዓመታት በኋላ ኃይሉ ሲያልቅ ወረቀቱ ወደ ቢጫ ይጠጋል። መለየት አይከብድም። ነጋዴዎች የብር ኖት ሐሰተኛ መሆኑን የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት ታውቁታላችሁ? ወረቀቱን ከሥሩ ያዙት። ማንጫ ያለበት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ይላል፤ የሌለበት ድምቀት ሳይኖረው ይቀራል። ለትልቅ ጉዳይ የምታትሙት ከሆነ ድምቀት የሌለውን ምረጡ። እንደ ሸማ ወተት መሰል ቀለም አለው፤ ለሰው ፊት ደግሞ ይስማማል።

አራተኛው ገጹ ነው፤ ያብረቅርቅ ወይስ አያብረቅርቅ? እዚህ ላይ የነርስነቴ ዘመን ሳይረዳኝ አልቀረም። የዓይን ሞራ የጀመራቸው ሰዎች ነጸብራቅ በጣም ያስቸግራቸዋል። ታላቅ እህቴ ዛሬ የማስታወስ ችሎታዋ እየደከመ ነው፤ ዓይኗም እንደ ድሮው አይደለም። የሚያብረቀርቅ ፎቶ ስሰጣት «መብራቱ ነው እንጂ ሰው አይታየኝም» ትለኛለች። «ማት» በሚባለው በማያብረቀርቅ ወረቀት፣ በአንድ ገጽ አንድ ፊት ብቻ አድርጌ በትልቁ ሳትምላት ግን የእናታችንን ፊት ለረጅም ጊዜ ታያለች፣ በጣቷ ትዳብሳለች፣ አንዳንድ ቀን ስሟን ትጠራለች። ይህን አልበም በጥጥ ወረቀት አላተምኩትም። የጥጥ ማት ገጽ ለስላሳ ስለሆነ መዳበስን አይወድም፤ ይፋቃል፣ ላብና ቅባትም ይይዛል። በርካሹ ማት ወረቀት አትሜ ሲያረጅ እንደገና አትምላታለሁ። ጥጡ ላይ ያተምኩት ያው የእናቴ ፎቶ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ግድግዳ ላይ ነው። ውዱ ወረቀት ሁልጊዜ ለምንወደው ሰው የሚስማማ ላይሆን ይችላል።

በሁለቱ መካከል «ባሪታ» የሚባል አለ። ከሥሩ ባሪየም ሰልፌት የተቀባ፣ ስስ ወዝ ያለው ወረቀት ነው። የጨጓራ ራጅ የተነሣ ሰው ይህን ነገር ያስታውሰዋል፤ ያ ኖራ የመሰለ የሚጠጣ ነጭ ፈሳሽ እሱ ነው። የድሮዎቹ ፎቶ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚያጥቡበትም ወረቀት ባሪታ ነበረው። ጥቁሩን በደንብ ስለሚያወጣ የአያቶችን የድሮ ፎቶ በስካነር አንስታችሁ እንደገና ለማተም ጥሩ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ላይ ደረስን፤ ቀለሙ። የቤት ፕሪንተር ቀለም ሁለት ዓይነት ነው። «ዳይ» እንደ ስኳር በውኃ የሟሟ ነው፤ «ፒግመንት» ግን የደቀቀ ብናኝ ነው። ዳይ ደማቅ ሆኖ ሳለ ለፀሐይና ለአየር ቶሎ ይሸነፋል፤ ፒግመንት የበለጠ ይቆያል። አገራችን ውስጥ የምታዩአቸው በጠርሙስ የሚሞሉ የፎቶ ፕሪንተሮች፣ ለምሳሌ ባለ 6 ቀለሙ ኤፕሰን ኤል805፣ የሚሠሩት በዳይ ነው። ኤፕሰን ሹርከለር ፒ700 እና ካኖን ፕሮ-300 ደግሞ በፒግመንት ይሠራሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ በተራ ወረቀት ላይ አትማችሁ ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉበት፤ ዳይ ይፈስሳል፣ ፒግመንት በአብዛኛው ባለበት ይቀራል። ያላችሁ ዳይ ከሆነ ውዱን የጥጥ ወረቀት ለመግዛት አትቸኩሉ። ወረቀቱ መቶ ዓመት ቢቆይ፣ ላዩ ላይ ያለው ፊት ቀድሞ ከደበዘዘ ምን ዋጋ አለው? ወይ ከፀሐይ በራቀ አልበም ውስጥ አስቀምጡት፣ ወይም የተመረጡትን ጥቂት ፎቶዎች ብቻ ፒግመንት ማሽን ባለው ቤት አሳትሙ።

ወረቀቱ ለ«ኢንክጄት» የተዘጋጀ መሆኑንም አረጋግጡ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ የሥዕል ወረቀት ቢያምርም ቀለም የሚይዝ ሽፋን ስለሌለው ምስሉን ይመጠዋል፤ ፊቱም ይጠቁራል። በፕላስቲክ የተለበጠ የኢንክጄት ወረቀት ደግሞ በፍጹም ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ አይግባ፤ ሌዘር በሙቀት ስለሚሠራ ፕላስቲኩ ሊቀልጥ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ወረቀት በየሱቁ አታገኙትም፤ ስለዚህ ጎረቤቴ ለልጃቸው እንዲህ ይበሉት፦ «የማሽኑን ስም ይኸው። ቀለሙ ፒግመንት ከሆነ፣ ኤ4 መጠን፣ መቶ በመቶ ጥጥ፣ አሲድ የሌለበት፣ ማንጫ የሌለበት፣ ለኢንክጄት የሚሆን፣ ማሽኑ ከሚችለው ውፍረት ያልበለጠ። ዳይ ከሆነ፣ ማት የፎቶ ወረቀት ብቻ።» ስለ ሻንጣ ኪሎ ለሚጨነቁም ልንገራችሁ፤ የ310 ግራሙ ወረቀት 25 ኤ4 ቅጠል ያለ ማሸጊያው ግማሽ ኪሎ አይሞላም። የሚመጣው ዘመድ ከልብሶቹ መሐል ጠፍጣፋ አድርጎ ያስቀምጠው እንጂ አይጠቅልለው።

ወረቀቱ ሲደርሳችሁ እጃችሁን ታጠቡ፣ አድርቁ፣ በጠርዙ ብቻ ያዙት። የሚታተምበትን ፊት ለመለየት ጥጉን በትንሹ በረጠበ ጣት ንኩ፤ ያዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ከማተማችሁ በፊት ኮምፒዩተሩ ላይ የወረቀቱን ዓይነት ምረጡ፤ ማት ወረቀት አስገብታችሁ «ግሎሲ» ካላችሁት ማሽኑ ተገቢ ያልሆነ ቀለም ያፈስበታል። ከታተመ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ተዘርግቶ ይድረቅ። መስታወት ውስጥ ስታስገቡት ምስሉ መስታወቱን እንዳይነካ ዙሪያውን የካርቶን ጠርዝ ይኑረው። ፀሐይ በማይመታው፣ የዕጣንና የቡና ጭስ በማይደርስበት ግድግዳ ስቀሉት። የተረፈውን ወረቀት ክረምቱ እንዳያረጥበው በመጣበት ፕላስቲክ መልሳችሁ አሽጉት።

ጥጥ ወረቀት አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ጀርባው እርሳስ ይቀበላል። የእነማን ፎቶ እንደሆነ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዓመቱንና ቦታውን በለስላሳ እርሳስ ጻፉበት። የፊቱን ባለቤት የሚያውቁት አያት ቤት ውስጥ እያሉ ነው ይህ የሚደረገው። ብዙ ቤት ውስጥ ያሉ ያማሩ ፎቶዎች ዛሬ «ይህ ማን ነበር?» ሲባል መላሽ የላቸውም።

ለዚህ ሳምንት የማስታምማችሁ ሥራ ቀላል ነው። ስልካችሁ ውስጥ ካሉት ሺህ ፎቶዎች ሦስቱን ብቻ ምረጡ፤ አንዱ የቤቱ አንጋፋ፣ አንዱ የቤቱ ታናሽ፣ አንዱ ሁለቱ አብረው ያሉበት ይሁን። ሦስተኛው ከሌላችሁ እሑድ አንሷቸው። ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ስማቸውን አሰባስቡ፣ አያትንም ጠይቁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ልጆች ክትባት ካርድ እንመለሳለን። እስከዚያው ጤና ይስጥልኝ።