ታንኳችን አያሳፍርም



በሥራዬ ምክንያት እዚህ ረሖቮት ከቤት ወደ ቤት ስዞር፣ «እኛ የታንኳ አገር ሰዎች ምን እናውቃለን?» የሚል አባት ያጋጥመኛል። ይህን አባባል አልቀበለውም! ሞተር የሌለው ሁሉ ኋላ ቀር ነው ያለው ማን ነው?

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1970 «ራ ሁለት» በተባለች ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥቶ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስን በ57 ቀን አቋርጦ ባርቤዶስ ገባ። ጀልባዋን የወሰዷት ሸራና ነፋስ ናቸው። የተሠራችው ከጣና ደንገል ነበር፤ ያሰሯትም መሐንዲሶች ሳይሆኑ የቦሊቪያ ሐይቅ ዳር ሰዎች ናቸው።

ልጆቻችን ኮምፒዩተር ይማሩ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ታንኳ እንዴት እንደሚታሰር የምታውቁ ሁሉ ሳታፍሩ ንገሯቸው። ልጅ በወላጁ ማፈር የሚጀምረው ወላጁ በራሱ ሲያፍር ነው።