አስታማሚውን ማን ያስታምመው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ካንሰር በገባበት ቤት ግን ተረቱ ተገልብጧል። በሽታውን የሚደብቀው ታማሚው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው! ሐኪሙ የበሽታውን ስም ለልጅ ወይም ለወንድም ሹክ ይላል፤ እናትየው «ተራ እባጭ ነው» ተብለው ክኒኑን ይውጣሉ።

ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ይሰጣል። ቀድሞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጥቁር አንበሳ ደጅ መጥናት ግድ ለነበረበት ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሕክምናው ሆስፒታል ውስጥ አያልቅም። ታሞክሲፌንን እንውሰድ። ብዙ የጡት ካንሰር ታማሚዎች በየቀኑ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ10 ዓመት የሚውጡት ክኒን ነው። ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ቀን የሚቆጥረው ማነው? ነርስ አይደለም፤ ታቦር ወይም ሐይቅ ዳር ያለች የቤት ልጅ ናት።

ክኒኑ ሰውነትን ያግላል፣ ላብ ያጠምቃል። እናትየው «ድኛለሁ፣ ተዪኝ በቃ» ይላሉ። ቢቋረጥ በሽታው የመመለስ ዕድሉ እንደሚጨምር ልጅቱ ታውቃለች፤ ግን እንዴት ትናገር? ወይ ትዋሻለች፣ ወይ ትቆጣለች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ውጭ አገር ያለው ወንድም በስልክ «ለምን አልሰጠሻትም?» ይላታል። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚል የለም። በዚህ ላይ የዋጋው ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ፣ በዶላር የሚገባ መድኃኒት ከመንግሥት ፋርማሲ ከጠፋ የቤተሰቡ ጭንቅ እጥፍ ነው።

መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አውጥቷል። ዕቅድ ማውጣት ጥሩ ነው። የነርስን ሥራ ያለ ትምህርት፣ ያለ ደጋፊ ቤተሰብ ላይ ጥሎ መሄድ ግን ዕቅድ ሊባል አይችልም!

የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። አንደኛ፣ ሐኪሙ ታማሚውን ፈቃዱን ጠይቆ እውነቱን ለራሱ፣ ቤተሰቡ ባለበት ይንገረው። የሚውጠውን የሚያውቅ ሰው ልመና አያስፈልገውም፤ ልጅም ከውሸት ትገላገላለች። ሁለተኛ፣ ክኒኑ ሲሰጥ አወሳሰዱና ጉዳቱ በሲዳምኛም በአማርኛም ይነገር፣ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ በቀጠሮ ቀን አስታማሚዋም «እንዴት ነሽ?» ትባል።

እድሮቻችንስ? ድንኳን ለመትከል ሞትን መጠበቅ ምን ይሉታል? በሳምንት አንድ ቀን ተራ ገብቶ አስታማሚዋን ማሳረፍ ብር አይጠይቅም። አስታማሚ ከወደቀ ታማሚም አይቆምም!