«ሆደ ሰፊ» ብዙ የሚበላ ነውን?

የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆቻችሁ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ እያሉ የዘይቤ ስሞችን ይሸመድዳሉ። ፈተና ላይ «ሆደ ሰፊ» ሲገጥማቸው ግን «ብዙ የሚበላ» ብለው የሚመልሱ አሉ። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ዘይቤ መጀመሪያ የሚገባው በጆሮ ነው፤ ከሥራ ደክማ የምትገባ እናት ደግሞ ለወግ ጊዜ የላትም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንችስ ነባር ሰፈር ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ልጆቹም ፈሊጡን ይሰሙበት ከነበረው የአያትና የጎረቤት ቡና ራቁ። (ካዛንችስ የሚለው ስም ራሱ ዘይቤ የለበትም፤ በወረራው ዘመን ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው።)

እንግዲህ ሽንኩርት እየከተፋችሁም ቢሆን አስተምሯቸው። «ልጄ እንደ እሳት ትፋጃለች» ብትሉ «እንደ» ስላለበት ተነጻጻሪ ነው። «ልጄ እሳት ናት» ስትሉ «እንደ» ቀርቶ ተለዋጭ ይሆናል። «ዝናቡ በራችንን አንኳኳ» ሰውኛ ነው። ፈሊጥ ሲሆን ሥዕል ያግዛል። «ዓይነ ደረቅ»ን፣ «እጀ ረጅም»ን፣ «አፈ ቅቤ»ን ልጁ ቃሉ እንደሚለው ይሳላቸው። በሥዕሉ መሳቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ «ታዲያ ሰው እንዲህ የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሰምና ወርቁ ለጊዜው ይቆይ።