የወተት ጥርስ ሲወድቅ



የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን የሚያስተምር ሰው በየዓመቱ የሚያየው አንድ ነገር አለ። ይኸውም በመስከረም ጥርሳቸው ሞልቶ የገቡት ሕፃናት ሰኔ ሲደርስ ብዙዎቹ ወላቃ ሆነው መገኘታቸው ነው። በዚያ ሰሞን «ሰ»ንና «ዘ»ን ሲጠሩ ነፋሱ በክፍተቱ እያመለጠ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያሰማሉ፤ ጓደኞቻቸውም ይሥቁባቸዋል።

አንድ ጊዜ ንባብ እጅግ የሚወድ ተማሪ ነበረኝ። ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ከወደቁ ወዲህ እጁን ማንሣት ተወ፤ ስሙን ጠርቼ አንብብ ባልሁት ጊዜም አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ዝም አለ። ለብቻው ወስጄ ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ «መምህር፣ ሌላ ባይበቅልልኝስ?» አለኝ። ለካስ የፈራው የጓደኞቹን ሣቅ ብቻ አልነበረም፤ ዕድሜውን ሁሉ ወላቃ ሆኖ የሚቀር መስሎት ኖሯል። በቤቱ የወደቀውን ጥርስ ጣራ ላይ አስወረወሩት እንጂ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ያስረዳው አልነበረም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ወተት ጥርስና እርሱን ስለሚተካው ጥርስ ጥቂት ልናገር አሰብሁ።

ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ ጥርስ ያበቅላል። የመጀመሪያዎቹ የወተት ጥርሶች 20 ናቸው፤ 10 ከላይ፣ 10 ከታች። ሕፃኑ 6 ወር ገደማ ሲሆነው መብቀል ይጀምራሉ፤ 3 ዓመት ሲሞላውም ተሟልተው ይገኛሉ። ሁለተኞቹ፣ ማለትም ቋሚዎቹ፣ 32 ናቸው። ከእነዚህም 4ቱ የመጨረሻ መንጋጋዎች ከ17 ዓመት በኋላ የሚመጡ ሲሆኑ፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ከነጭራሹ አይበቅሉም።

ብዙ ሰዎች የወደቀውን ጥርስ አይተው «የወተት ጥርስ ሥር የለውም» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። የወተት ጥርስ ሥር አለው፤ ነገር ግን ከበታቹ ቋሚው ጥርስ እያደገ ወደ ላይ ሲመጣ፣ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ሕዋሳት ሥሩን ቀስ በቀስ እያሟሙ ያጠፉታል። በመጨረሻ አናቱ ብቻ በድድ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና ይወድቃል። እንግዲህ ጥርሱ የሚነቃነቀው ታሞ ሳይሆን ተተኪው ስለ ደረሰ ነው። ይህን ለልጅ መንገር ከፍርሃት ያድነዋል።

ተራውም የታወቀ ነው። በ6 ወይም በ7 ዓመት የታችኞቹ ሁለት የመካከል ጥርሶች ይቀየራሉ፤ የላይኞቹ በ7 ወይም በ8 ይከተላሉ፤ ከአጠገባቸው ያሉትም እስከ 9 ዓመት ድረስ ይቀየራሉ። ከዚህ በኋላ ጥቂት ዕረፍት ሆኖ፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት ድረስ ክራንቻዎቹና የወተት መንጋጋዎቹ ይለወጣሉ። ሴቶች ልጆች ብዙውን ጊዜ ከወንዶች ጥቂት ይቀድማሉ። የአንድ ዓመት መቅደም ወይም መዘግየትም የሚያሳስብ አይደለም።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ልንገራችሁ። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ አራት ታላላቅ መንጋጋዎች ይበቅላሉ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። እነዚህ ማንንም አይተኩም፤ ስለ እነርሱ የሚወድቅ ጥርስ የለም፤ ስለዚህም መምጣታቸውን ማንም ሳያውቅ ይበቅላሉ። ወላጆችም ባዩአቸው ጊዜ የወተት ጥርስ ይመስሏቸዋል።

ከተሳሳቱት አንዱ እኔ ነኝ። ልጄ 8 ዓመት ሲሆናት ቆሎ ስትበላ አንድ መንጋጋዋን ያማት ጀመር። እናቷ ወደ ሐኪም እንውሰዳት ስትል፣ እኔ የተማርሁት ሰው፣ «የወተት ጥርስ ነው፤ ነገ ለሚወድቅ ጥርስ ምን ያስጨንቃል?» ብዬ ከለከልሁ። ዓመት ያህል ቈይተን ጉንጯ ባበጠ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ ከመካከል ጀምሮ በጣቱ እየቈጠረ አሳየኝና፣ «ይህ ስድስተኛው ነው፤ ምትክ የለውም» አለኝ። ጥርሱ እስከ ሥሩ ተቦርቡሮ ነበርና ተነቀለ። ልጄ አሁን አድጋለች፤ ግን እስከ ዛሬ በአንድ ወገን ታኝካለች። ያንን ባየሁ ቍጥር ያንን ቃሌን አስታውሳለሁ።

ስለዚህ ቈጠራውን ያዙ። ከፊት መካከል ጀምራችሁ ወደ ጐን ስትቈጥሩ የወተት ጥርስ በየወገኑ አምስት ብቻ ነው። ስድስተኛ ካገኛችሁ ዕድሜ ልክ የሚኖር ጥርስ ነው።

የወተት ጥርስ ይወድቃልና አይጠበቅም ማለትም አይደለም። የወተት መንጋጋ እስከ 10 ወይም እስከ 12 ዓመት ያገለግላል። ያለ ጊዜው ከተነቀለ ጐረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ በኋላ የሚመጣው ጥርስ ስፍራ አጥቶ ተጣሞ ይበቅላል። ሥሩ ከመገለም በታች ያለው አዲሱ ጥርስ ሊበላሽ ይችላል።

በሌላ በኩል በከንቱ የሚያስጨንቁ ነገሮች አሉ። አዲሱ ጥርስ ከወተቱ ይልቅ ጥቂት ቢጫ ይመስላል፤ ተፈጥሮው ነው። ጫፉ እንደ መጋዝ ይሆናል፤ በማኘክ ብዛት ይስተካከላል። በላይኞቹ የፊት ጥርሶች መካከል የሚታየው ፍንጭትም ብዙ ጊዜ ክራንቻዎቹ ሲበቅሉ ይጠብባል። የታችኛው አዲስ ጥርስ ከወተቱ በስተኋላ ቢበቅል፣ ወተቱ ሲወድቅ ምላስ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ጥቂት ወራት ቈይቶም ወተቱ ካልወደቀ ለሐኪም ማሳየት ይገባል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚታየው ቡናማ ጥርስ ግን የንጽሕና ጉድለት አይደለም። ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ልጁ ከጠጣው ፍሎራይድ የበዛበት የጕድጓድ ውኃ የመጣ ነውና በመፈግፈግ አይለቅም።

የተነቃነቀውን ጥርስ በክር አስራችሁ አትሳቡ፤ ልጁ ራሱ በምላሱ እያነቃነቀ ያውጣው። ቢደማ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ጥቂት ይቈይ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ጨቅላውን ግግ ማስወጣት ነው። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው በድዱ ላይ ያበጠውን አይተው በስለት የሚያስፈለቅቁ አሉ። ያ እብጠት ገና ያልወጣ የወተት ክራንቻ ነው፤ ለተቅማጡም ምክንያት አይደለም። ስለቱ ደም ያፈሳል፣ ቍስል ያመረቅዛል፣ ሕፃኑንም እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። የተረፈውም ልጅ ከበታች ያለው ቋሚው ክራንቻ ተነክቶበት፣ ጥርሱ ተጣሞ ወይም ጠፍቶ ሊቀር ይችላል። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት እንጂ ድዱን አታስነኩ።

ሌላም አንድ ነገር አለ። ልጅ በጨዋታ ወድቆ ቋሚ ጥርሱ ከነሥሩ ቢወልቅ አትጣሉት። ነጩን አናት ያዙ፤ ሥሩን አትንኩ፤ በስፍራው መልሱት ወይም በወተት ውስጥ አድርጋችሁ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ለሐኪም አድርሱት። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም።

ጥበቃውም ቀላል ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ይልቁንም ከመኝታ በፊት፣ ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና ይቦረሽ፤ 3 ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ በላይ ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ልጅ 7 ወይም 8 ዓመት እስኪሆነው ድረስ እጁ የኋላውን መንጋጋ በሚገባ አያጸዳምና ወላጅ ይቦርሽለት። ከረሜላና ስኳር የበዛበት ሻይም ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ ሲሰጡ ይበልጥ ይጐዳሉ።

ያ ተማሪዬ ወዴት ደረሰ ትሉኝ ይሆናል። ከታች የበቀሉትን ሁለት አዳዲስ ጥርሶቹን በመስተዋት አሳየሁትና፣ የላይኞቹም እንደ እነርሱ በመንገድ ላይ እንዳሉ ነገርሁት። ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ የድዱን ነጭ ጫፍ ሊያሳየኝ አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ሮጠ፤ በዚያም ቀን አነበበ።

እንግዲህ 6 ዓመት የደረሰ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ጥርሱን ቍጠሩለት። ስድስተኛውን ካገኛችሁ ለእርሱም ንገሩት፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮም ጠብቁለት።