የብርቱካኗ ክምር
ገላን አስፋልቱ ዳር አንዲት ባለጉልት ብርቱካን ስትደረድር ቆሜ አየሁ፤ ከታች አራት በአራት፣ ከዚያ ሦስት በሦስት፣ ሁለት በሁለት፣ አናቱ ላይ አንድ። 30 ፍሬ፣ የላይኛው ሁሉ ከበታቹ ባሉት አራቱ መሀል ቁጭ ብሎ። እኩል ድቡልቡል ነገር ከዚህ በላይ ተጠጋግቶ አይደረደርም ያለው የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1611፤ የሒሳብ ሊቁ ቶማስ ሄልስ ማረጋገጫውን ያቀረበው ግን በ1998። የሒሳብ ሰዎቻችን ከቀመር ከሚጀምሩልን ከዚች ክምር ቢጀምሩልን እላለሁ። ብቻ እናቅልል ብለው ጭንቁን እንዳይደብቁት! አደራደሩ መልካም መሆኑን ሴትዮዋም ታውቀዋለች፤ 387 ዓመት የፈጀው፣ ስፍር ቁጥር ከሌለው ሌላ አደራደር አንዱም እንደማይበልጠው ማሳየቱ ነው። ሄልስንም ቢሆን ገምጋሚዎቹ 99 በመቶ እርግጠኞች ነን ብለው ተዉት፤ የቀረችውን አንዷን ለመዝጋት ከባልደረቦቹ ጋር በኮምፒውተር እስከ 2014 ለፋ።