የሚያፈስ ጣራ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ክረምት በመጣ ቁጥር ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ ኮተቤ ድረስ ባሉት የየካ መንደሮች የቤት ባለቤቶችንና ባለሱቆችን አንድ ጥያቄ ያስጨንቃቸዋል፤ ይኸውም የሚያፈሰውን ጣራ መጠገን ይሻላል ወይስ ነቅሎ አዲስ ቆርቆሮ ማልበስ የሚለው ነው። ነገሩ የቤት ጣጣ ብቻ መስሎ ቢታይም በእርግጥ የንግድ ጉዳይ ነው። በሾላ ገበያ ያለ ነጋዴ በአንድ ሌሊት ዝናብ ስኳሩና ሲሚንቶው ቢረጥብበት፣ የሚከስረው የጣራውን ዋጋ ሳይሆን የመነገጃ ገንዘቡን ነው።

እንደሚታወቀው ቆርቆሮ ለአዲስ አበባ የባሕር ማዶ ዕቃ ሆኖ ገባ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ ይህን ከባድ ሸክም ማምጣት ቀለለ፤ የሣር ክዳንም ቀስ በቀስ ስፍራውን ለቀቀ። ዛሬ ቆርቆሮ በአገር ውስጥ ፋብሪካ ቢታጠፍም ጥሬው ብረት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ስለዚህ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ብር ከረከሰ በኋላ፣ ጣራን ያለምክንያት መለወጥ ለባለቤቱም ለአገርም ኪሳራ ሆኗል።

ከሁሉ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቆርቆሮው ሳይሆን የምስማሩ ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ማገር ሲሆን፣ በኋላ እየደረቀ ይኮማተራል፤ ምስማሩም ይላላና ውሃ ያስገባል። በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት የሚገባው ምስማር ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ከተመታም ውጤቱ ያው ነው። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲደፈንም ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ግድግዳውን ያረጥባል። ደግሞም በተራራው ብርድ የቤቱ እንፋሎት ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ዝናብ ሳይዘንብ ጠዋት ጠዋት የሚንጠባጠብ ጣራ የሚሻው የነፋስ መተላለፊያ እንጂ አዲስ ክዳን አይደለም። ለእነዚህ ሁሉ ምስማርና ጎማ መለወጥ፣ አሸንዳ መጥረግ፣ መጋጠሚያን ማስተካከል ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በግንቦት የተደረገ ጥቂት ወጪ የሐምሌን ብዙ ጉዳት ያስቀራል።

ይሁን እንጂ ጥገና ራሱ ብክነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ የተቀባው ዚንክ ነው፤ ዚንኩ አልቆ ቀይ ዝገት በሁለቱም ገጽ ከተስፋፋ፣ አንዱን ቀዳዳ በሬንጅ ሲደፍኑት ሌላው ይከፈታል። ማገሩ በስብሶ ወይም በምስጥ ተበልቶ ቢላዋ የሚገባበት ከሆነም፣ በላዩ ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ምስማሩን በአየር ላይ እንደ መስቀል ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ይገነጥለዋል። እንዲህ ሲሆን እንጨቱንም ክዳኑንም አንድ ጊዜ መለወጥ ይሻላል። አስተዋይ ነጋዴ የየዓመቱን ጥገና፣ የሠራተኛውን ዋጋና የተበላሸውን ዕቃ ደምሮ ከአዲሱ ጣራ ዋጋ ጋር ያመዛዝናል፤ ከተነቀለው ቆርቆሮ መካከል ደኅናው ለአጥር ወይም ለሽያጭ እንደሚሆንም በሒሳቡ ያገባል።

ለመለወጥ የቆረጠ ሰው የሚያጋጥመው ሁለተኛው ፈተና ከሻጩ ዘንድ ነው። ቆርቆሮ በገበያ የሚጠራው በጌጅ ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ውፍረቱ ያንሳል፤ ባለ 28 ወፍራም፣ ባለ 35 ግን ስስ ነው። ይህን ያልተረዳ ገዢ በርካሽነቱ ተስቦ ስሱን ይገዛል፤ በሰው እግር የሚጎደጉድ፣ በበረዶ የሚጎዳ ጣራም ይሠራል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ስሱን ወፍራም ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የዛሬን ትርፍ ሲያገኝ የነገን ደንበኛ ያጣል፤ የታማኝ ባልንጀራውንም ስም ያጎድፋል።

ስለዚህ ለአስመጪዎችም ሆነ ለቸርቻሪዎች የሚበጀው መንገድ ግልጽ ነው። አስመጪው የሚያመጣውን ብረት ውፍረትና የዚንኩን መጠን በሰነዱ ላይ በትክክል ያስፍር፤ ቸርቻሪው ጌጁን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ጥሩ ምስማርና ጎማም ከቆርቆሮው እኩል በመደብሩ ያኑር። ገዢው በበኩሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጣራው ላይ ሰው አውጥቶ ያስመርምር። ምስማር ብቻ ለሚያስፈልገው ሰው «ምስማር ይበቃዎታል» የሚል ሻጭ ለጊዜው ጥቂት ይሸጣል፤ ነገር ግን ያ ሰው ቤት የሠራ ዕለት ወደ ሌላ መደብር አይሄድም። የንግድ ክብር የሚገነባውም በዚህ ዓይነት ቃል ነው።